ከማን ጋር ልሰለፍ? የሲልቪያ ፓንክረስት ሕይወት

አዲስ አበባ በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ግቢ፣ ለአርበኞች በተከለለው ሥፍራ፣ የአንዲት እንግሊዛዊት መቃብር አለ። ሴትዮዋ ሲልቪያ ፓንክረስት ትባላለች። ፋሺስት ኢጣሊያ ኢትዮጵያን በወረረች ጊዜ ለንደን ውስጥ ጋዜጣ አቋቁማ ስለ ተሟገተች ብዙዎቻችን ስሟን ሰምተናል። ከዚያ በፊት ያሳለፈቻቸው ከሃምሳ በላይ ዓመታት ግን እምብዛም አይነገሩም። ሲልቪያ በግራ ክንፍ ፖለቲካ ውስጥ አድጋ፣ ከአንዱ ማኅበር ወደ ሌላው ተሻግራ፣ ከሁለቱ የተባረረች ሴት ነበረች።

በዘንድሮው የዓመት መጽሐፍ ይህን የሕይወቷን ክፍል የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። በብዙዎቻችን ቤት ፓርቲ የሚለው ቃል ድምፅ ዝቅ ተደርጎ የሚነገር ቃል ነው። አያቶቻችን፣ የአንዳንዶቻችንም ወላጆች፣ ወጣት በነበሩበት ዘመን የየትኛው ድርጅት አባል ነህ የሚለው ጥያቄ ሕይወት ያስከፍል ነበር። ልጆች ስለዚያ ዘመን ሲጠይቁ ብዙ ጊዜ የሚያገኙት መልስ ከፖለቲካ ራቅ የሚል ምክር ነው። ምክሩ ከፍቅር የመጣ መሆኑን እናውቃለን። ነገር ግን ነገ አድጋችሁ፣ በየትም አገር ብትኖሩ፣ ና ከእኛ ጋር ተሰለፍ የሚላችሁ አይጠፋም። ያን ጊዜ በምን መመዘን እንዳለባችሁ ከሲልቪያ ሕይወት አንድ ነገር ትማሩ ይሆናል ብለን አሰብን። ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሲልቪያ ሜይ 5 ቀን 1882 በእንግሊዝ አገር ማንችስተር ውስጥ ተወለደች። አባቷ ዶክተር ሪቻርድ ፓንክረስት ለድሆችና ለሴቶች መብት የሚከራከሩ የሕግ ባለሙያ ነበሩ። እናቷ ኤሜሊንም ከባላቸው ያላነሱ ታጋይ ነበሩ። ቤታቸው የስብሰባ ቤት ነበርና ልጆቹ በምግብ ሰዓት ሳይቀር የሚሰሙት የፖለቲካ ክርክር ነበር። ኪር ሃርዲ ነጻ የሠራተኞች ፓርቲን በ1893 ሲመሠርት ወላጆቿ ገቡበት፤ ሲልቪያም ከወላጆቿ ጋር ሶሻሊስት ሆና አደገች። የመጀመሪያ ማኅበሯን አልመረጠችም፤ ከቤት የወረሰችው ነው።

አባቷ በ1898 ሲሞቱ ሲልቪያ የ16 ዓመት ልጅ ነበረች። ሥዕል ትወድ ስለነበር በማንችስተር የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተማረች፤ በነጻ ትምህርት ዕድልም ወደ ቬኒስ፣ ኋላም ለንደን ወደሚገኘው ንጉሣዊ የሥነ ጥበብ ኮሌጅ ሄደች። የመጀመሪያው ቅሬታ የመጣው በዚሁ በሥዕል ሥራ ላይ ሳለች ነው። ፓርቲው በሳልፎርድ ለአባቷ መታሰቢያ አዳራሽ ሲያሠራ ግድግዳውን እንድታስጌጥ ጠየቃት። ሥራውን ስትጨርስ ግን በዚያ አዳራሽ የሚሰበሰበው ቅርንጫፍ ሴቶችን በአባልነት እንደማይቀበል ታወቀ። ለሴቶች መብት ሲከራከሩ የኖሩ ሰው ስም በተለጠፈበት ቤት የገዛ ልጆቻቸው አባል መሆን አይችሉም ማለት ነው። ለጭቁኖች ቆሜአለሁ የሚል ድርጅትም በሩ ላይ የሚያስቀራቸው ሰዎች ሊኖሩ እንደሚችሉ ሲልቪያ ያን ጊዜ አየች።

እናቷ በኦክቶበር 1903 የሴቶች ማኅበራዊና ፖለቲካዊ ኅብረት የተባለውን ማኅበር አቋቋሙ። ዓላማው ለሴቶች የመምረጥ መብት ማስገኘት ነበር። ሲልቪያ ከታላቅ እህቷ ከክሪስታቤል ጋር በሙሉ ልብ ገባችበት። የማኅበሩን አርማዎችና ሰንደቆች ሣለች፤ ከ1906 ጀምሮም ደጋግማ ታሰረች። በ1913 በእስር ቤት የረሃብ አድማ ስታደርግ በጉሮሮዋ ቱቦ እየከተቱ በግድ መገቧት። በዚያው ዓመት መንግሥት ሕዝቡ የድመትና የአይጥ ሕግ ብሎ የሰየመውን ሕግ አወጣ፤ እስረኛዋ በረሃብ ስትደክም ይለቋታል፣ ስታገግም ደግሞ መልሰው ይይዟታል። ሲልቪያ በዚህ ሕግ በተደጋጋሚ ተይዛለች።

ይሁን እንጂ ከገዛ ቤተሰቧ ጋር የነበራት ልዩነት እየሰፋ ሄደ። ክሪስታቤል ማኅበሩ ከሶሻሊስቶችና ከወንድ ሠራተኞች ርቆ፣ ገንዘብና ተሰሚነት ባላቸው ሴቶች ላይ እንዲደገፍ ትፈልግ ነበር። ውሳኔው ሁሉ ከመሪዎቹ ይመጣል፤ አባላት ይፈጽማሉ። ሲልቪያ ግን በ1912 ወደ ምሥራቅ ለንደን፣ ቦው ወደሚባለው የድሆች ሠፈር ሄዳ አንድ የቀድሞ ዳቦ መጋገሪያ ቤት ተከራየችና የሠራተኛ ሴቶችን ታደራጅ ጀመር። በኖቬምበር 1913 ደግሞ በሥራ ማቆም ትግል ላይ ለነበሩት የደብሊን ሠራተኞች ድጋፍ በተጠራ ስብሰባ ከወንድ የሠራተኛ መሪዎች ጋር በአንድ መድረክ ተናገረች። ይህን እህቷ አልታገሠችም። በጃንዋሪ 1914 ክሪስታቤል ወደምትኖርበት ፓሪስ ተጠራች። እዚያም የምሥራቅ ለንደኑ ቡድን ከማኅበሩ መለየቱ በእናቷ ፊት ተነገራት። ከእናቷ ማኅበር የተባረረችው በእህቷ ቃል ነው።

ሲልቪያ ወደ ቦው ተመልሳ የምሥራቅ ለንደን ፌዴሬሽን በሚል ስም ሥራዋን ቀጠለች። በአሮጌው ማኅበር ሐምራዊ፣ ነጭና አረንጓዴ ቀለማት ላይም ቀይ ተጨመረበት። የሴቶች ድሬድኖት የተባለ ጋዜጣ ጀመረች፤ ድሬድኖት የዚያ ዘመን ታላቅ የጦር መርከብ መጠሪያ ነው። በጁን 1914፣ በረሃብ አድማ ተዳክማ መቆም እንኳ ሳትችል፣ በሰው ተደግፋ ወደ ፓርላማው በር ሄደች፤ ጠቅላይ ሚኒስትር አስኲዝ የሠፈሯን ሴቶች ካላነጋገሩ እዚያው ተኝታ እንደምትሞት አሳወቀች። ጠቅላይ ሚኒስትሩ እሺ አሉ። ፊታቸው ቀርበው የተናገሩት የቦው ሠራተኛ እናቶች ናቸው፤ እሷ አብራቸው አልገባችም።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ተነሣ። እናቷና ክሪስታቤል የመምረጥ መብቱን ትግል አቁመው ጦርነቱን ደገፉ፤ ሲልቪያ ተቃወመች። የምግብ ዋጋ ሲንርና ፋብሪካዎች ሲዘጉ ፌዴሬሽኑ ያለ ትርፍ የሚሸጡ ምግብ ቤቶችን ከፈተ። ገንዘብ የሌለው ሰው በነጻ ቲኬት ይበላ ነበር። ሥራ ላጡ ሴቶች የመጫወቻ ፋብሪካ አቋቋመች። የጠመንጃ ሠሪዎች የሚል ስም የነበረውን አንድ መጠጥ ቤት ደግሞ የሕፃናት መዋያና ክሊኒክ አድርጋ የእናቶች እቅፍ ብላ ሰየመችው።

በ1918 የእንግሊዝ ፓርላማ የመምረጥ መብት ለሴቶች ሰጠ፤ ይኸውም 30 ዓመት ለሞላቸውና የንብረት መመዘኛ ላሟሉት ብቻ ነበር። ከወንዶች እኩል የሆኑት በ1928 ነው። ሲልቪያ በ1918ቱ ሕግ አልረካችም። ለቦው ሴቶች ዳቦም ቤትም የማይሰጥ ፓርላማ ምን ይጠቅማል እያለች ወደ ሩሲያ አብዮት አዘነበለች። የጋዜጣዋ ስም የሠራተኞች ድሬድኖት፣ የማኅበሯም ስም የሠራተኞች ሶሻሊስት ፌዴሬሽን ሆነ።

ከባዱ ምርጫ የመጣው አሁን ነው። በእንግሊዝ አገር ያሉ ልዩ ልዩ የግራ ቡድኖች አንድ ኮሚኒስት ፓርቲ ለመመሥረት ይነጋገሩ ጀመር። የሚያጣላቸው ሁለት ጥያቄ ነበር፤ በፓርላማ ምርጫ እንወዳደር ወይስ አንወዳደር፣ ከትልቁ የሠራተኞች ፓርቲ ጋር እንተሳሰር ወይስ አንተሳሰር የሚሉ። ሲልቪያ ሁለቱንም አትቀበልም ነበር። በ1919 ጉዳዩን ለሌኒን ጻፈችለት፤ እሱም ምርጫን መተው ስሕተት መሆኑን፣ ቢሆንም ዋናው ነገር አንድነት መሆኑን መለሰላት። በጁን 1920 ሌሎቹን ሳትጠብቅ የራሷን ኮሚኒስት ፓርቲ አወጀች። በዚያው ዓመት ሌኒን ስለ ግራ ዘመም ስሕተት በጻፈው መጽሐፍ በስም ጠቅሶ ነቀፋት። እሷም ተደብቃ በባሕር ተጉዛ ሞስኮ ድረስ ሄደችና ፊት ለፊት ተከራከረችው። በመጨረሻ አንድነቱን ተቀበለች።

ከሞስኮ እንደተመለሰች ጋዜጣዋ ላይ በወጡ ጽሑፎች ምክንያት ሕዝብን ለአመፅ አነሣሥታለች ተብላ የስድስት ወር እስራት ተፈረደባት። እሷ እስር ቤት ሳለች፣ በጃንዋሪ 1921፣ ቡድኗ ከአዲሱ የእንግሊዝ ኮሚኒስት ፓርቲ ጋር ተዋሐደ። በሜይ ወር ስትፈታ ፓርቲው ጋዜጣዋን ለአመራሩ እንድታስረክብ ጠየቃት። የፓርቲ ዲሲፕሊን የሚፈልገው ይህን ነበር። እሷ ግን በአንድ ፓርቲ ውስጥ የተለየ ሐሳብ የሚጻፍበት ቦታ መኖር አለበት ብላ እምቢ አለች። በሴፕቴምበር 1921 ተባረረች። ከሰባት ዓመት በፊት በክሪስታቤል ማኅበር የደረሰባት ነገር አሁን በጓዶቿ ፓርቲ ደረሰባት።

እውነቱን ለመናገር ሲልቪያ አብሮ ለመሥራት ቀላል ሰው አልነበረችም። ግትር ነበረች። ከተባረረች በኋላ የመሠረተችው ትንሽ ፓርቲም አልሰነበተም፤ ጋዜጣዋም በ1924 ተዘጋ። ብቻዋን የቀረችበት ጊዜ ብዙ ነው። ነገር ግን ከሩሲያ የሚሰማው ሁሉ እውነት ነው ብለው ብዙዎች በሚያምኑበት ወቅት፣ የዚያን መንግሥት የውስጥ ተቃዋሚዎች ጽሑፍ በጋዜጣዋ አውጥታለች። ዝም ብትል ኖሮ ወንበሯ አይነካም ነበር።

ያ ቤተሰብ እንዴት እንደተበተነ እናስተውል። ኤሜሊን በ1928 ሲሞቱ የወግ አጥባቂው ፓርቲ የምርጫ ዕጩ ነበሩ። ሲልቪያ ከኢጣሊያዊው ስደተኛ ከሲልቪዮ ኮሪዮ ሳትጋባ ልጅ በመውለዷም ከእናቷ ጋር ሳይታረቁ ተለያይተዋል። ክሪስታቤል የሃይማኖት ሰባኪ ሆነች። ታናሽ እህታቸው አዴላ አውስትራሊያ ሄዳ ከኮሚኒስት ፓርቲ መሥራቾች አንዷ ሆነች፤ ኋላ ወደ ቀኝ ክንፍ ዞረች። በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ ከአንድ ቤት አንዱ ኢሕአፓ፣ ሌላው መኢሶን ሲገባ ያዩ ወላጆቻችን የፓንክረስትን ቤት ኀዘን ያለ አስረጂ ይረዱታል። ልዩነቱ እነዚያ እህትማማቾች በመኳረፍ መለያየታቸው ነው፤ እኛ ዘንድ ደም ፈስሷል።

ሲልቪያ ከዚያ በኋላ ትልቅ ፓርቲ አልገባችም። በሲልቪዮ በኩል ፋሺዝም ኢጣሊያ ውስጥ ምን እንደሚሠራ ቀድማ ታውቅ ነበር። ሙሶሊኒ በኦክቶበር 1935 ኢትዮጵያን ሲወር ለማን እንደምትቆም ለመወሰን የማንንም መመሪያ አልጠበቀችም። ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ የተባለው ጋዜጣዋ የመጀመሪያ እትም ሜይ 5 ቀን 1936 የሚል ቀን ይዞ ወጣ። ዕለቱ የኢጣሊያ ጦር አዲስ አበባ የገባበት፣ ከአምስት ዓመት በኋላም ንጉሠ ነገሥቱ የተመለሱበት፣ ሚያዝያ 27 ብለን የምናከብረው ቀን ነው። እሷም 54 ዓመት የሞላት ያን ቀን ነበር። ጋዜጣውን ለ20 ዓመት አወጣችው። ከድል በኋላ ደግሞ የራሷ አገር የእንግሊዝ ጦር በኢትዮጵያ መቆየቱን ተቃወመች፤ በልዕልት ፀሐይ ስም ለሚሠራው ሆስፒታልም ገንዘብ አሰባሰበች።

የቀድሞ ኮሚኒስት የንጉሠ ነገሥት ወዳጅ መሆኗ አንዳንዶችን አስገርሟል። ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር እንድትዋሐድ መደገፏም በዚህ በምንኖርበት አካባቢ ዛሬም ያከራክራል። ተማሪዎች ይህንንም እንዲመረምሩት እንወዳለን፤ ሰውን ማክበር ማለት ያለውን ሁሉ መቀበል አይደለም።

በ1956 ከልጇ ከሪቻርድ ጋር አዲስ አበባ ገብታ ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር የተባለ መጽሔት አቋቋመች። እዚያው እየሠራች ሴፕቴምበር 27 ቀን 1960፣ ማለትም መስከረም 17 ቀን 1953 ዓ.ም. በመስቀል ዕለት ዐረፈች። ወለተ ክርስቶስ በሚል ስም በክብር ተቀበረች። የመጣችበትን ቀይ ባንዲራ የሚያውቁ ከለቀስተኞቹ መካከል ጥቂቶች ሳይሆኑ አይቀሩም።

ውድ ተማሪዎች፣ የትኛውን ማኅበር ግቡ ወይም አትግቡ ብለን አንመክራችሁም፤ ያ የራሳችሁና የኅሊናችሁ ጉዳይ ነው። ከመግባታችሁ በፊት ግን ሲልቪያ ዋጋ ከፍላ የተማረቻቸውን ሦስት ጥያቄዎች ጠይቁ። ይህ ማኅበር በሩ ላይ የሚያስቀረው ማንን ነው? ከአመራሩ የተለየ ሐሳብ ያለው አባል ምን ይደርስበታል? ነገ ማኅበሩ ቢፈርስ፣ ቆሜላቸዋለሁ ለሚላቸው ሰዎች የሠራው ምን ይቀራል? ወላጆችም እነዚህን ጥያቄዎች ከልጆቻችሁ ጋር ብትወያዩባቸው፣ ያያችሁትንም ብትነግሯቸው፣ ደስ ይለናል። እናንተ ዝም ካላችሁ ለልጆቹ ሌላ ሰው ይነግራቸዋል።