ስለ ቢላል (ረ.ዐ) የማንጠያየቃቸው ጥያቄዎች

በኢስላም ታሪክ የመጀመሪያው ሙአዚን ማን ነው? ይህን ጥያቄ አምቦ ላይ ብትጠይቁ፣ ወደ ጉደር ብትዘልቁ ወይም ወደ አዲስ አበባ አቅጣጫ ተመልሳችሁ ጊንጪና ሆለታ ላይ ብታቆሙ፣ መድረሳ ከገባ ሳምንት ያልሞላው ልጅ ሳይቀር ይመልስላችኋል። በምዕራብ ሸዋ ከተሞች ባስተማርንባቸው ዓመታት፣ በረመዷን የጥያቄና መልስ ውድድር ላይ ይህ ጥያቄ ለተወዳዳሪው በነጻ እንደሚሰጥ ነጥብ ነበር። ችግሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ከአዛን በፊት ሙስሊሞች ለሶላት የሚሰባሰቡት እንዴት ነበር? ቢላል የሱብሒን አዛን ያሰማ የነበረው የት ላይ ሆኖ ነው? ከአዛን ሌላ ምን ሥራ ነበረው? እዚህ ላይ አዳራሹ ዝም ይላል።

ቢላል የእኛ ነው እንላለን፤ ሐበሻነቱን በኩራት እናወራለን። ከሕይወቱ የምናውቀው ግን ደረቱ ላይ የተጫነውን ድንጋይና አዛኑን ብቻ ከሆነ፣ የቀረውን ባዶ ቦታ ተረት ይሞላዋል። ሞልቶታልም። ወደዚያ እንመጣለን።

በመጀመሪያ፣ ቢላል ሐበሻ ምድር ላይ አልተወለደም። አባቱ ረባሕ፣ እናቱ ሐማማ ይባላሉ፤ የዘር ሐረጋቸው ከሐበሻ ነው። እርሱ ግን የተወለደው እዚያው ዐረብ ምድር ነው፤ አንዳንዶቹ ዘገባዎች መካ ሲሉ ሌሎቹ ሰራት በተባለው ተራራማ አገር ይላሉ። ያደገው የመካው በኑ ጁመሕ ጎሳ ባሪያ ሆኖ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሶሐባዎቻቸውን ወደ ነጃሺ አገር በላኩ ጊዜም ከስደተኞቹ ስም ዝርዝር ውስጥ ቢላል የለም። ያ ሁሉ የመካ ሰው ባሕር ተሻግሮ ወደ ሐበሻ ሲሄድ፣ የሐበሻው ልጅ መካ ቀረ።

በኡመያ ኢብን ኸለፍ እጅ የደረሰበትን ስቃይ አንባቢያችን ስለሚያውቀው አንደግመውም። ብዙ የማይነገረው የሽያጩ ነገር ነው። አቡበክር (ረ.ዐ) ገዝቶ ነጻ እንዳወጣው ይታወቃል፤ በስንት እንደገዛው ግን ዘገባዎቹ ይለያያሉ። በኢብን ኢስሐቅ ዘገባ ገንዘብ ጭራሽ አልተከፈለም፤ አቡበክር ከቢላል ይልቅ ጠንካራ የሆነ ሌላ ባሪያ ሰጥቶ ለወጠው። በሌላ ዘገባ ደግሞ ሻጩ ለማንቋሸሽ ብሎ በ1 ወቂያም ቢሆን እንሸጠው ነበር ሲል፣ አቡበክር 100 ወቂያ ብትጠይቁም እከፍል ነበር ብሎ መለሰለት።

አሁን ወደ አዛኑ። ሙስሊሞች መዲና እንደገቡ ለሶላት የሚጠራቸው አልነበረም፤ ሰዓቱን እየገመቱ ይሰበሰቡ ነበር። ምን ይሻላል ተብሎ ሲመከር መለከት ይነፋ ያለ አለ፣ ደወል ይመታ ያለም አለ። የአዛኑን ቃላት በሕልሙ የሰማው ዐብዱላህ ኢብን ዘይድ የተባለ የመዲና ሰው ነው። ሕልሙን ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሲነግራቸው ቃላቱን ለቢላል እንዲያስተምረው አዘዙት፤ ምክንያቱ የቢላል ድምፅ ከእርሱ ይልቅ ያማረና ሩቅ የሚሰማ መሆኑ ነው። ስለዚህ ሕልሙ የአንሷሩ፣ ድምፁ የሐበሻው ሆነ።

ሚናራ የሚባል ነገር በዚያን ጊዜ አልነበረም። በመስጂዱ አካባቢ ከፍ ያለው ቤት የበኑ ነጃር ጎሳ የሆነች የአንዲት ሴት ቤት ነበር፤ ቢላል ለሱብሒ የሚወጣው የእርሷ ጣሪያ ላይ ነው። ታሪኩን የነገረችንም ራሷ ናት። ገና በሌሊት ይመጣል፣ ጣሪያው ላይ ተቀምጦ የጎሕ መቅደድን ይጠብቃል፣ ሲያይ ይንጠራራል፣ ዱዓ ያደርጋል፣ ከዚያ አዛን ይላል። ከዱዓው አንድም ሌሊት ሲያቋርጥ እንደማታውቅ ትመሰክራለች። በአምቦ ብርድ ለሱብሒ የወጣ ሰው ይህን ሲያነብ ሌላ ነገር ይሰማዋል፤ ሰውየው ሲንጠራራ ይታየዋል።

በረመዷን ደግሞ ሙአዚኖቹ ሁለት ነበሩ። የቢላል አዛን ገና ሌሊት ስለሆነ ሱሑር አያስቆምም፤ መብላት የሚያቆመው የኢብን ኡሙ መክቱም አዛን ነው። ኢብን ኡሙ መክቱም ዓይነ ስውር ስለነበረ ነግቷል ተብሎ ካልተነገረው አዛን አይልም። ሰዓት ባልነበረበት ዘመን ሁለት አዛን፣ በሁለት ድምፅ።

ቢላልም ሰው ነውና እንቅልፍ የጣለው ቀን አለ። ከኸይበር ዘመቻ ሲመለሱ ሌሊት ላይ ሠራዊቱ አረፈ፤ ሱብሒን እንዲጠብቅ የታዘዘው ቢላል ነበር። የቻለውን ያህል ሰገደ፣ ከዚያ ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዙሮ ግመሉን ተደገፈ፣ ዓይኑ ከበደው። ሁሉንም የቀሰቀሳቸው የፀሐይ ሙቀት ነበር። ያለፋችሁን ሶላት ስታስታውሱ ስገዱ የሚለው ሕግ ከዚያ ቀን ጋር ተያይዞ የመጣልን ነው። የቢላል እንቅልፍ ከእርሱ በኋላ ለመጣ እንቅልፋም ሁሉ ሕግ ይዞ መጣ ብንል ማጋነን አይሆንም።

ከሁሉ ያነሰ የሚታወቀው ግን የገንዘቡ ሥራ ነው። ቢላል የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) የቤት ወጪ ያዥ ነበር። ልብስ የሌለው ሙስሊም ሲመጣ ቢላል ይበደርና ያለብሰዋል፣ ያበላዋል። አቡ ዳውድ በዘገቡት ሐዲስ ራሱ ቢላል እንዲህ ሲል ይተርካል፤ አንድ ሙሽሪክ ነጋዴ ከሌላ ሰው አትበደር፣ ከእኔ ብቻ ውሰድ አለው። ቢላልም እንዲሁ አደረገ። አንድ ቀን አዛን ሊል ሲነሳ ያ ነጋዴ ከጓደኞቹ ጋር መጣና ክፉ ቃል ተናገረው፤ ወሩ ሊያልቅ 4 ቀን ቀርቷል፣ ካልከፈልክ እንደ ድሮህ በግ ጠባቂ አደርግሃለሁ አለው።

ይህን ዛቻ ለማን እንደተናገረ አስቡት። ድንጋይ ተጭኖበት ከባርነት ለወጣ ሰው፣ ባርነት ተመልሶ በር ላይ ቆመ። ቢላል ዒሻእ ከሰገደ በኋላ ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ገብቶ ነገራቸው፤ የሚከፍሉት የላቸውም፣ እርሱም የለውም። ብድሩን የሚከፍሉበት ነገር እስኪገኝ ከሰለሙት ጎሳዎች ወደ አንዱ ለመሸሽ ፈቃድ ጠየቀ። ቤቱ ሄዶ ሰይፉን፣ ጫማውንና ጋሻውን ራስጌው አስቀምጦ ተኛ። ሊነጋጋ ሲል ለመውጣት ተነሳ፤ አንድ ሰው እየሮጠ መጣና ነቢዩ እንደሚፈልጉት ነገረው። ሲሄድ 4 ግመሎች ጭነታቸውን እንደያዙ ተንበርክከው አገኘ። ልብስና እህል የጫኑ፣ የፈደክ ሹም የላካቸው ስጦታ ናቸው። ነቢዩ ግመሎቹንም ጭነቱንም ሰጡትና ዕዳህን ክፈል አሉት።

ታሪኩ እዚህ አያበቃም። ዕዳው ሁሉ ተከፍሎ ትንሽ ተረፈ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የተረፈው ለሚገባው ሰው እስኪሰጥ ድረስ ቤታቸው አልገቡም። ያን ቀን የሚወስድ ድሃ አልመጣም፤ መስጂድ አደሩ። በማግስቱ ቢላል አከፋፍሎ መጨረሱን ሲነግራቸው ተክቢራ ብለው አላህን አመሰገኑ። ገንዘብ ያዥ የሆነ ሰው በየከተማችን አለ፤ የመስጂድ ኮሚቴም አለ። ይህ ሐዲስ ከአዛኑ ታሪክ እኩል አለመነገሩ ይገርመናል።

ከሐበሻ ጋር የሚያገናኘው ሌላ ነገርም አለ። የታሪክ መጻሕፍት እንደዘገቡት ነጃሺ ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አጫጭር ጦሮች ልኮላቸው ነበር። በዒድ ቀን ቢላል ከእነዚህ አንዱን ይዞ ከፊታቸው ይሄዳል፤ መስገጃው ሜዳ ሲደርሱ ፊት ለፊት ይተክለዋል፣ ሱትራ ሆኖ ወደ እርሱ ይሰገዳል። ከሐበሻ የመጣው ጦር በሐበሻ ልጅ እጅ የዒድ ሶላት ምልክት ሆነ።

በ8ኛው ዓመተ ሒጅራ (630 እ.ኤ.አ) መካ ስትከፈት ቢላል ከዕባ ላይ ወጥቶ አዛን እንዲል ታዘዘ። ኡመያ ቀደም ብሎ በበድር ተገድሏል። በሕይወት ከነበሩት የቁረይሽ ትልልቅ ሰዎች አንዳንዶቹ አባቶቻቸው ይህን ሳያዩ በመሞታቸው ደስ እንዳላቸው ሲያጉረመርሙ ተሰምተዋል። እርሱ ግን መካን ጠልቶ አያውቅም። መዲና እንደገባ ትኩሳት ይዞት በተኛ ጊዜ በግጥም ያንጎራጎረው ስለ መካ ሸለቆ፣ ስለ ሣሩና ስለ ተራሮቹ ናፍቆት ነበር። ያሠቃየችውን ከተማ ናፈቀ።

አሁን ወደ ተረቱ። ቢላል ሐበሻ ስለሆነ ሺን የምትባለውን ፊደል ሲን አድርጎ ይጠራ ነበር፣ አሽሀዱ ማለት አቅቶት አስሀዱ ይል ነበር፣ አላህ ዘንድ ግን የእርሱ ሲን ሺን ናት የሚባል ወሬ አለ። በዳዕዋ መድረክ ሲነገር ሰምተናል፤ ሰዎች እያለቀሱ ይሰሙታል። አንድ ተማሪ ይህን ሰምቶ መጥቶ፣ እኛ ሐበሾች ታዲያ አዛን በትክክል ማለት አንችልም ወይ ብሎ ጠየቀ። ጥያቄው ትክክል ነው፤ ወሬው የሚያስተምረው ይህንኑ ነውና።

ሐዲሱ ግን መሠረት የለውም። ይህን ያሉት ታላላቆቹ የሐዲስ ዑለሞች አል-ሚዚይ እና ኢብን ከሲር ናቸው፤ ሁለቱም የኖሩት በ8ኛው ክፍለ ዘመነ ሒጅራ፣ ያውም ቢላል በተቀበረባት በደማስቆ ነው። አስቡትም እንጂ፤ ለአዛን የተመረጠው በድምፁ ማማርና በጥራቱ ነው። ዐረብ መሃል ተወልዶ ዐረብ መሃል ያደገ፣ በዐረብኛ ግጥም የሚያንጎራጉር ሰው ነው። የሐበሻ ምላስ ሺን አትችልም የሚለውማ የእኛን አገር ቋንቋ ካለማወቅ የመጣ ነው። አማርኛም አፋን ኦሮሞም ይህ ድምፅ አላቸው፤ የምንኖርበት ዞን ስም ራሱ ምዕራብ ሸዋ ነው።

ሌላው የሚያስለቅስ ታሪክ፣ ቢላል ከሻም ሕልም አይቶ ወደ መዲና ተመልሶ አዛን ሲል ከተማዋ በለቅሶ ተናወጠች የሚለው ነው። እርሱንም አዝ-ዘሀቢይ ሙንከር፣ ኢብን ሐጀር ደግሞ የፈጠራነቱ ግልጽ ነው ብለውታል። ለቅሶ ከፈለግን ሌላ ዘገባ አለ፤ ዑመር (ረ.ዐ) ሻም በመጣ ጊዜ ቢላል አዛን አለ፣ ከነቢዩ ሞት በኋላ ድምፁን ሰምተው የማያውቁት ሶሐባዎችም አለቀሱ።

ቢላል ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሞት በኋላ መዲና መቀመጥ ከብዶት ወደ ሻም ዘመቻ ሄደ። ደማስቆ አጠገብ ካለችው ዳረያ፣ ከኸውላን ጎሳ አገባ። ለጋብቻው ሽምግልና ሲሄዱ ስለ ራሱና ስለ ወንድሙ የተናገረው ሁለት ሐበሻ ባሮች እንደነበሩና አላህ ነጻ እንዳወጣቸው ነበር፤ ሌላ ማዕረግ አልጠቀሰም። በ20ኛው ዓመተ ሒጅራ፣ ዕድሜው ከ60 አልፎ፣ ደማስቆ ሞተ፤ ባብ አስ-ሰጊር በተባለው መቃብር ተቀበረ።

ከመሞቱ በፊት ዑመር (ረ.ዐ) የሠራዊቱን የደመወዝ መዝገብ በየጎሳው ሲያደራጅ፣ የቢላል ስም ከማን ጋር ይጻፍ የሚል ጥያቄ ተነሳ። ቢላል በዐረብ ምድር ጎሳ አልነበረውም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በመዲና ወንድም ካደረጉለት ከአቡ ሩወይሐ እንደማይለይ ተናገረ፤ አቡ ሩወይሐ የኸስዐም ጎሳ ሰው ነው። ዑመርም ለቢላል ክብር ሲል የሐበሻን መዝገብ በሙሉ ከኸስዐም ጋር አንድ አደረገው። ከ100 ዓመት በላይ ቆይቶ ኢብን ኢስሐቅ ታሪኩን ሲጽፍ፣ በሻም የሐበሾች ስም ያኔም ከኸስዐም ጋር ነበር የሚመዘገበው።