የታሪኩ እስክንድርና የድርሰቱ እስክንድር

ስለ ታላቁ እስክንድር በግእዝ ቋንቋ የተጻፉ ድርሰቶች መኖራቸውን ሊቃውንቱ ያውቃሉ። ዜና እስክንድር እየተባሉ የሚጠሩት እነዚህ መጻሕፍት ከአንድ በላይ ናቸው። ዋነኛው ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የተመለሰ ሲሆን፥ የዐረብኛውም ምንጭ ወደ ኋላ ቢመረመር በግብፅ እስክንድርያ በጽርእ ቋንቋ ከተደረሰ መጽሐፍ ላይ ያደርሳል። ከግእዙ ቅጂዎች አንዱ በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ ከወሰዳቸው መጻሕፍት ጋር ወደ ለንደን ተጕዞ፥ ባጅ የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1896 አሳትሞታል። በእነዚህ ድርሰቶች የምናገኘው እስክንድር በአንዱ የግብፅ ጠንቋይ ንጉሥ ልጅ ነው፤ በሌላው ደግሞ እንደ ክርስቲያን የሚያምን፥ ሥጋውን በንጽሕና የጠበቀ፥ ጎግንና ማጎግን በብረት በር የዘጋ፥ ወደ ሕያዋን አገርም የተጓዘ ንጉሥ ሆኖ ይታያል።

ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያስገደደን ነገር አለ። አንዳንድ ሰባክያን በዐውደ ምሕረት ላይ ይህን እስክንድር ከዳዊትና ከሕዝቅያስ ጋር ደርበው ጻድቅ ንጉሥ አድርገው ያስተምሩበታል። የሚሰሟቸው ወጣቶች ግን በትምህርት ቤት የታሪክ መጽሐፍ ሌላውን እስክንድር አንብበው የመጡ ናቸው። ሁለቱ እንደማይስማሙ ባዩ ጊዜ ተረቱን ብቻ ጥለው አይሄዱም፤ ከዚያው ዐውደ ምሕረት የሰሙትን ወንጌል ጭምር መጠራጠር ይጀምራሉ። እንግዲህ እስክንድር ማን እንደ ነበረ ለይቶ መናገር ለዓለማውያን መምህራን ብቻ የሚተው ሥራ አይደለም። በዚህ ጽሑፍ የንግሥናውንና የጦርነቱን ዓመታት ሁሉ ቅድመ ልደተ ክርስቶስ እንቈጥራለን።

እስክንድር በ356 ዓመት በመቄዶንያ፥ ፔላ በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ የመቄዶንያ ንጉሥ ፊልጶስ፥ እናቱም ከኤጲሮስ ነገሥታት ወገን የሆነችው ኦሊምፕያስ ናት። ድርሰቱ ግን አባቱ ንክጣኔቦስ የተባለ የመጨረሻው የግብፅ ተወላጅ ፈርዖን ነው ይላል፤ ይህ ንጉሥ መንግሥቱ መጥፋቱን በአስማት ዐውቆ ወደ መቄዶንያ ሸሽቶ፥ በምትሐት ወደ ንግሥቲቱ ገባ እያለ ያትታል። ዳሩ ግን ዓመታቱን የቈጠረ ሰው ነገሩ ሊሆን እንደማይችል ወዲያው ያያል። ፋርሶች ንክጣኔቦስን ድል አድርገው ከዙፋኑ ያባረሩት በ343 ዓመት ገደማ ነው፤ ያን ጊዜ እስክንድር የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበረ። ንክጣኔቦስም የሸሸው ወደ ደቡብ እንጂ ወደ መቄዶንያ አይደለም። ታዲያ ተረቱ ለምን ተፈጠረ ቢሉ፥ ግብፃውያን በባዕድ ንጉሥ መገዛታቸው ቢያሳፍራቸው የገዛቸውን ሰው የራሳቸው ንጉሥ ልጅ አደረጉት። ፋርሶችም በኋላ ዘመን በቅኔያቸው የእነርሱ ንጉሥ ልጅ አድርገውታል። የእኛም ሊቅ ክርስቲያን አደረገው። ሁሉም በየቤቱ ልብስ ሰፍቶለታል ማለት ነው።

እውነተኛ ታሪኩን አምልተው ከጻፉልን መካከል ፕሉታርኮስና አርያኖስ ይገኛሉ። ሁለቱም ከእስክንድር ሞት በኋላ ከ400 ዓመት በላይ ቈይተው የተነሡ ቢሆኑም፥ አርያኖስ አብረውት የዘመቱት በጥሊሞስና አሪስቶቡሎስ የጻፉትን መሠረት አድርጎ ጽፏል።

አባቱ ፊልጶስ ልጁን እንዲያስተምርለት በ343 ዓመት አርስጣጣሊስን አስመጣለት። እስክንድር ትምህርት ወዳድ ነበረ፤ የባለ ቅኔውን የሆሜርን መጽሐፍ በዘመቻው ሁሉ ይዞት ይዞር ነበር። ድርሰቱ ሰው በላ አድርጎ የሚያወራለት ፈረሱ ቡኬፋሎስም ማንም ያልገራው ብርቱ ፈረስ ነበረ እንጂ ሣር በላ ነው። በ336 ዓመት ፊልጶስ በልጁ ሰርግ ላይ በገዛ ጠባቂው እጅ ተገደለና እስክንድር በሃያ ዓመቱ ነገሠ። በዓመቱ ቴቤስ የምትባለው የግሪክ ከተማ ብታምፅበት ከተማይቱን አፈረሳት፤ ጸሓፊዎቹ እንደሚሉት ከ6,000 በላይ ሰው ተገደለ፥ 30,000 የሚሆነውም ለባርነት ተሸጠ። በድርሰቱ የዋህ ሆኖ የሚታየው ንጉሥ የመንግሥቱ መጀመሪያ ይህ ነበረ።

በ334 ዓመት ባሕር ተሻግሮ ወደ እስያ ዘመተ። በግራኒቆስ ወንዝ አጠገብ በተደረገው ውጊያ አንድ የፋርስ መስፍን ከበስተኋላው ሰይፍ ሲያነሣበት፥ ክሊቶስ የሚባል መኰንኑ የፋርሱን ክንድ ቈርጦ ጌታውን ከሞት አዳነው። አንባቢ ይህን የክሊቶስን ስም እንዲያስታውስ እንለምናለን። ከዚህ በኋላ በ333 ዓመት ዳርዮስን በኢሶስ ድል አደረገ፤ በ332 ዓመትም ጢሮስን ሰባት ወር ከብቦ በባሕር ላይ ድልድል ሠርቶ ያዛት።

ወደ ኢየሩሳሌም ሄዶ ለሊቀ ካህናቱ ስለ መስገዱ የሚነገረውን ታሪክ የጻፈው የማትያስ ልጅ ዮሴፍ የተባለው አይሁዳዊ ነው፤ ይህም ዮሴፍ ወልደ ኮርዮን በተባለው መጽሐፍ ስም ከሚጠራው ጋር ሊምታታ አይገባም። በዚያ ታሪክ እስክንድር በሊቀ ካህናቱ አክሊል ላይ ለተጻፈው ስመ እግዚአብሔር ሰገደ፥ የዳንኤልም መጽሐፍ ተነበበለት ይባላል። የግሪክና የሮም ጸሓፊዎች ግን ይህን ጕዞ ከቶ አላነሡትም። ስለዚህ ከአይሁድ ወገን እንዲህ ተብሏል ብሎ መጥቀስ ይገባል እንጂ፥ እንደ ተረጋገጠ ነገር አድርጎ ማስተማር አይገባም።

ስለ እርሱ ከተጻፈው ሁሉ የሚያስተማምነን የነቢዩ የዳንኤል ቃል ነው። በስምንተኛው ምዕራፍ ባለ ሁለት ቀንዱ አውራ በግ የሜዶንና የፋርስ መንግሥት፥ ከምዕራብ ምድር ሳይነካ የመጣው ባለ አንድ ቀንድ ፍየል የግሪክ መንግሥት እንደ ሆነ መልአኩ ተርጕሞለታል። በተረቱ ግን እስክንድር ባለ ሁለት ቀንድ ተብሎ ይጠራል። ይህ ስም ከወዴት መጣ ቢባል፥ ከሞቱ በኋላ የነገሠው ሊሲማኮስ ባሳተመው ገንዘብ ላይ የእስክንድር ራስ አሞን በሚባለው ጣዖት የበግ ቀንድ አጊጦ ይታያል። በነቢዩ መጽሐፍ ሁለቱ ቀንዶች ድል የተደረገው የፋርስ ምልክት ሲሆኑ፥ ተረቱ ለድል አድራጊው የሰጠው ግን የጣዖት ቀንድ ነው። ስሙን እንደ ክብር አድርገን የምንጠራው ሁሉ ይህን ብናስተውል መልካም ነው።

ከጢሮስ በኋላ ወደ ግብፅ ወረደ። በሲዋ በረሃ ወደሚገኘው የአሞን ቤተ ጣዖት ሄዶ የጣዖቱ ካህን የአምላክ ልጅ ብሎ ተቀበለው፤ ከዚያ ወዲህ ስሜቱ እየታበየ ሄደ። በ331 ዓመትም በባሕር ዳር ስሙን ያወጣላትን እስክንድርያን ቈረቈረ። የወደፊቱን ባያውቅም፥ በዚህች ከተማ ብሉይ ኪዳን ወደ ጽርእ ተመለሰ፤ የእኛም የግእዝ ብሉይ የተተረጐመው ከዚያ ጽርእ ነው። በዚህችው ከተማ ቅዱስ ማርቆስ ሰበከ፤ ቅዱስ አትናቴዎስም ፍሬምናጦስን ጳጳስ አድርጎ ወደ አክሱም ላከልን፤ አቡነ ባስልዮስ በ1943 ዓ.ም. የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሊቀ ጳጳስ እስኪሆኑም ድረስ ሊቃነ ጳጳሳቱን የተቀበልነው ከዚያው መንበር ነበረ። ድርሰቱ እስክንድርን ክርስቲያን ለማድረግ ብዙ ደከመ፤ እግዚአብሔር ግን ክርስቲያን ባልሆነው ሰው ጕዞ መንገዱን አዘጋጀ።

በዚያው በ331 ዓመት ጋውጋሜላ በተባለው ሜዳ ዳርዮስን ፈጽሞ ድል ነሣ። በዓመቱ የፋርስ ነገሥታት ቤተ መንግሥት ፐርሴፖሊስ ተቃጠለች፤ ዳርዮስም በገዛ መኳንንቱ እጅ ተገደለ። እስክንድርም የፋርስ ንጉሥ ልብስ ለበሰ፥ ሰዎችም እንዲሰግዱለት ፈለገ።

በ328 ዓመት በማራካንዳ፥ ዛሬ ሳማርካንድ በምትባለው ከተማ፥ ግብር ገብቶ ብዙ ወይን ተጠጣ። ውዳሴ ከንቱ የሚወዱ ሰዎች እስክንድርን ከአባቱም ከቀደሙትም ጀግኖች አስበልጠው ሲያመሰግኑት፥ ያ ክሊቶስ ሞቅ ብሎት ነበርና ተነሥቶ ድሉ የፊልጶስና የመቄዶንያ ወታደሮች መሆኑን ተናገረ፤ በግራኒቆስ ያዳነውንም እጅ አስታወሰው። ንጉሡ በቍጣ ከዘበኛው እጅ ጦር ነጥቆ ወጋውና ገደለው። የክሊቶስ እኅት ላኒኬ እስክንድርን በሕፃንነቱ ያሳደገች ሞግዚት ነበረች። ስካሩ በበረደ ጊዜ እስክንድር በዚያው ጦር ራሱን ሊገድል ሲል ያዙት፤ ሦስት ቀን ሳይበላ በድንኳኑ ተኝቶ አለቀሰ።

እዚህ ላይ ነገሩን ከዳዊት ታሪክ ጋር ማነጻጸር ይገባል። ዳዊትም ታማኝ ወታደሩን ኦርዮን አስገድሏል። ነገር ግን ነቢዩ ናታን ፊት ለፊት ቆሞ ኃጢአቱን ነገረው፤ ከዚያም ንስሐ ተገኘ። ወደ እስክንድር ድንኳን የገባው ግን አናክሳርኮስ የተባለ ፈላስፋ ነበረ፤ እርሱም ንጉሥ የሚያደርገው ሁሉ ፍትሕ ነው ብሎ አጽናናው። እስክንድርም ተነሥቶ በላ። እንባው እውነተኛ ነበረ፤ የጐደለው ናታን ነው። በድርሰቱ ከተጻፉት ተአምራት ሁሉ ይልቅ ይህ አንድ ታሪክ ለካህናት የሚናገረው እንደሚበልጥ እናምናለን። የድርሰቱ ጻድቅ እስክንድር ግን ክሊቶስን መግደሉ ስለማይስማማው፥ ተረቱን የያዘ ሰው ይህን ትምህርት ያጣዋል።

ከዚህ በኋላ አንድ ሰው ብቻ ለሰው መስገድን ተቃወመ፤ ይኸውም የአርስጣጣሊስ ዘመድ የሆነው የዘመቻው ታሪክ ጸሓፊ ቃሊስቴኔስ ነው። በ327 ዓመት በሤራ ተከሶ ታሰረ፤ ተሰቅሎ ሞተ የሚሉ አሉ፥ በእስራቱ ሞተ የሚሉም አሉ። የሚያስደንቀው ግን፥ ተረት የተሞላው የጽርእ መጽሐፍ በኋላ ዘመን ቃሊስቴኔስ ጻፈው ተብሎ በእርሱ ስም መጠራቱ ነው። እስክንድር ራሱ ያስጠፋው ሰው እንዴት ተርፎ የእስክንድርን ሞትና ቀብር ሊጽፍ ይችላል? የመጽሐፉን ሐሰተኛነት ለማወቅ ሌላ ምስክር አያሻም።

ስለ ንጽሕናው የተጻፈውም እንዲሁ ነው። እስክንድር በ327 ዓመት የባክትርያውን መስፍን ልጅ ሮክሳናን አገባ፤ በ324 ዓመት ደግሞ በሱሳ ሌሎች ሁለት የፋርስ ነገሥታት ልጆችን በአንድ ጊዜ አገባ። የህንዱን ንጉሥ ፖሮስን ድርሰቱ እስክንድር በግል ፍልሚያ ገደለው ይላል፤ በእውነቱ ግን በ326 ዓመት ድል አድርጎ ከማረከው በኋላ መንግሥቱን መለሰለት። እዚህ ላይስ ተረቱ በጎ ሥራውን ነጠቀው። የህንድ ባሕታውያንን ማግኘቱ እውነት ነው፤ የብረቱ በርና የሕይወት ውኃው፥ በአሞራ ወደ ሰማይ መውጣቱም በዘመኑ ሰዎች ጽሑፍ የሉም።

ይህን ስንል ድርሰቱን ወደ ግእዝ የመለሰውንና ያስፋፋውን ሊቅ ሐሰተኛ ማለታችን አይደለም። ነገሥታትን ስለ ንጽሕናና ስለ ሞት ማስተማር ፈልጎ ታላቁን ስም ምሳሌ አድርጎ ወስዷል፤ ምሳሌ ደግሞ በቤተ ክርስቲያን የተፈቀደ ነው። ስለዚህ መጽሐፉ ከመጻሕፍት ቤት ይውጣ አንልም፤ የሚጠቅሰው ሰው ምሳሌ መሆኑን ተናግሮ ይጥቀስ።

ወታደሮቹ በህንድ ምድር ወደ ፊት አንሄድም ቢሉት በ326 ዓመት ተመለሰ፤ በጌድሮስያ በረሃም ብዙ ሰው በጥም አለቀ። በ323 ዓመት በባቢሎን ከግብዣ በኋላ ትኵሳት ያዘውና በጥቂት ቀናት ውስጥ ሞተ፤ ሠላሳ ሦስት ዓመት አልሞላውም ነበር። ከሞቱ በኋላ የተወለደው የሮክሳና ልጅ ከእናቱ ጋር በ310 ዓመት አካባቢ በካሳንድሮስ ትእዛዝ ተገደለ። ታላቁ ቀንድ ተሰብሮ አራት ቀንዶች በቀሉ፤ መተርጕማን ካሳንድሮስ፥ ሊሲማኮስ፥ ሴሌውቆስና በጥሊሞስ ናቸው ይላሉ።

በድኑን በጥሊሞስ ወደ ግብፅ ወሰደው፤ በኋላም በእስክንድርያ ተቀበረ፥ የሮም ቄሣሮችም መጥተው አዩት። በአራተኛው መቶ ዓመት የአንጾኪያ ክርስቲያኖች የእስክንድር መልክ ያለበትን የመዳብ ገንዘብ እንደ ክታብ በራሳቸውና በእግራቸው ያስሩ ነበርና ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ ገሠጻቸው፤ መስቀሉን ትተው በአረማዊ ንጉሥ መልክ መታመናቸውን ነቀፈ። ያው አባት በሌላ ድርሳኑ የእስክንድር መቃብር የት እንዳለ ሰሚዎቹን ይጠይቃል። የሚመልስለት አልነበረም፤ ዛሬም ቦታው አልተገኘም።