የባሌው ሼኽ ሁሴን

ባሌን ሊጎበኝ የሚመጣ እንግዳ አብዛኛውን ጊዜ የሚሄድበት መንገድ አንድ ነው። ሮቤ ያድራል፤ በማግሥቱ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ጎባ ይደርሳል፤ ከጎባም ወደ ሳነቴ አምባ ይወጣል። ቀይ ቀበሮውንና የደጋ አጋዘኑን አይቶ፣ ሰማዩ ጥርት ካለለትም 4,377 ሜትር ከፍታ ባለው በቱሉ ዲምቱ ጫፍ ላይ ቆሞ ዙሪያውን ቃኝቶ ይመለሳል። የብሔራዊ ፓርኩ ስም እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ቅርስ መዝገብ ከሰፈረ ወዲህ ይህ መንገድ ይበልጥ ታውቋል። የአገሩ ሰው ግን ለብዙ መቶ ዓመታት ወደ ባሌ ሲጓዝ የኖረው ተራራውን ለማየት አልነበረም። ከሐረርጌም፣ ከአርሲም፣ ከሸዋም፣ ከወሎም የተነሣው መንገደኛ ፊቱን ያቀናው በምሥራቅ በኩል ወዳለው ቆላ፣ ወደ አንድ ሰው መቃብር ነበር። የሙያ ባልደረቦቻችን እንግዳ ይዘው ሲሄዱ የዚያን ሰው ሕይወት ወይ ጨርሰው ይዘሉታል፣ ወይም ተአምሩን ብቻ ነግረው ያልፋሉ። ሁለቱም ለሰውየው የሚገባ አይደለም።

ሼኽ ሁሴን በትውፊት እንደሚነገረው የተወለዱት አናጂና በተባለው ስፍራ ነው፤ ይህም ዛሬ በስማቸው ድሬ ሼኽ ሁሴን የሚባለው ነው። የትውልድ ሐረጋቸውን የሚቆጥሩ ሰዎች አባቶቻቸውን ከዐረብ ምድር ተነሥተው በሶማሌ ጠረፍ በመርካ በኩል እንደ መጡ አድርገው ይተርካሉ። ኑር ሁሴን ተብለውም ይጠራሉ፤ ኑር ብርሃን ማለት ነው። የኖሩበት ዘመን 13ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ እንደ ሆነ ይታመናል። በዘመናቸው የተጻፈና እጃችን የገባ ሰነድ የለም፤ ገድላቸው በዐረብኛ ተጽፎ በካይሮ የታተመው እጅግ ዘግይቶ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ሆኖም ዘመኑን የሚደግፍ አንድ የውጭ ምስክር አለ። በ14ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የሞተው ዐረባዊ ጸሐፊ አል ዑመሪ የኢትዮጵያን ሰባት የእስልምና አገሮች ሲዘረዝር ባሌን ከነይፋት፣ ከነደዋሮና ከነሐዲያ ጋር ይቆጥራታል። አንድ አገር በእስልምና ስም እስከ ግብፅ ድረስ ሊታወቅ የሚችለው ሃይማኖቱ አስቀድሞ ሥር ከሰደደ ነው። እንግዲህ ከዚያ በፊት በነበረው መቶ ዓመት ውስጥ በባሌ ያስተማረ ታላቅ ሰው መኖሩ የሚያስደንቅ አይሆንም።

ሼኽ ሁሴን የጦር አዝማች ሆነው አልታወሱም። ትውፊቱ የሚያስታውሳቸው አስተማሪ፣ ለድኻ የሚራሩ፣ በሽተኛ የሚፈውሱ፣ ዝናም የሚለምኑ አድርጎ ነው። በግቢው ውስጥ ያለውን የዙቅቱም መስጊድ የሠሩት ራሳቸው ናቸው ይባላል። በእኔ አስተያየት የሰውየው ትልቅነት የሚለካው በሕይወት ሳሉ ከሠሩት ይልቅ ከሞቱ በኋላ መቃብራቸው ካለፈበት ፈተና ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን በኢማም አሕመድ ጦርነትና ያንን ተከትሎ በመጣው ታላቅ የሕዝብ እንቅስቃሴ የባሌ ጥንታዊ ሥርዐት ፈረሰ፤ የነበረው መንግሥት ጠፋ። መቃብሩ ግን አልጠፋም። በባሌና በአርሲ የሰፈረው የኦሮሞ ሕዝብ ሼኹን የራሱ አደረጋቸው፤ ዛሬ በድሬ የሚሰማው የምስጋና ዜማ የሚዜመው በአብዛኛው በኦሮምኛ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የሐረሩ አሚር ዐብዱ ሸኩር ለሥፍራው ክብር ጉልላት ያለው ሕንፃ እንዳሠሩ ይነገራል። ከዚያ ወዲህ በኖራ የነጣው ጉልላት ከሩቅ ለሚመጣ መንገደኛ ምልክት ሆነ።

የአውሮፓና የአሜሪካ ሰዎች ወደ ስፍራው የደረሱት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። አሜሪካዊው ሐኪም ዶናልድሰን ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1894 ድሬ ደረሰ፤ እንዳያልፍ ተከልክሎ ተመልሷል። በ1900 ደግሞ የወፎች አጥኚው ጀርመናዊ ካርሎ ፎን ኤርላንገር መጣ። ይህ ሰው የተወለደው በራይን ወንዝ ዳር በወይን ጠጇ በታወቀችው በኢንግልሃይም ሲሆን፣ በዚያች ከተማ ጎብኚዎች የሚያዩት የንጉሠ ነገሥት ሻርለማኝን ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ ነው። ከአራት ዓመት በኋላ በሳልዝቡርግ በመኪና አደጋ ሞተ፤ ገና 32 ዓመት አልሞላውም ነበር። ከደጋችን አዕዋፍ አንዲቱ ዛሬም በስሙ ትጠራለች። ሁለቱን ስፍራዎች ሳነጻጽር ልዩነቱ ጎልቶ ይታየኛል። በኢንግልሃይም እንግዳው የሚያየው ባለቤቱ የሄደበትን አዳራሽ ነው፤ በድሬ ግን ባለቤቱ እንዳለ ተቆጥሮ ይጠራል፣ ይለመናል፣ ስለት ይገባለታል። የእኛን ሥራ ከባድ የሚያደርገውም ይህ ነው።

ከሮቤ ተነሥቶ በጎሮ በኩል ሲወርዱ ብርዱ ቀስ በቀስ ይለቃል፤ የስንዴውና የገብሱ ማሳ ለግራር ቦታውን ይለቃል። በመንገዱ ላይ ሶፍ ኡመር አለ። ከባሌ ተራሮች የሚመነጨው የወይብ ወንዝ የኖራ ድንጋዩን ሰርስሮ ገብቶ በሌላ በኩል ይወጣል፤ የዋሻው መተላለፊያዎች ርዝመት በጠቅላላው 15 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስሙን የሰጡት ሶፍ ኡመር በትውፊቱ ከሼኽ ሁሴን ጋር አብረው የሚነሡ ሰው ናቸው። ስለዚህ ዋሻውን ለተፈጥሮ ወዳጅ፣ መቃብሩን ለሃይማኖት ሰው ብሎ ለይቶ ማስጎብኘት ትርጉሙን ያጎድለዋል፤ ተሳላሚው ሁለቱን በአንድ ጉዞ ያያቸዋል። ሁለቱም ስፍራዎች እ.ኤ.አ. በ2011 በዓለም ቅርስ ዕጩዎች ዝርዝር ገብተዋል። ከዚያ ጊኒርን አልፎ ወደ ድሬ ይዘለቃል።

ተሳላሚው የሚታወቀው በእጁ በያዛት፣ ጫፏ እንደ ባላ በተሰነጠቀች ዘንግ ነው። ብዙው በእግሩ ይመጣል፤ ከመካከላቸው ክርስቲያኖችም አሉ። ዐበይቱ የጉብኝት ጊዜያት በዓመት ሁለት ሲሆኑ፣ አንዱ ከዐረፋ በዓል ጋር ይያያዛል። የሚቆጠሩት በጨረቃ ስለ ሆነ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ፊት ይቀድማሉ፤ በአንድ ዓመት የታተመ የጉዞ መርሐ ግብር ለሚቀጥለው አይሠራም። በእነዚያ ቀናት እንግዳ የሚያመጣ ባልደረባ ውሃና ማደሪያ አስቀድሞ ያስብ፤ የስፍራው አገልጋዮች ሳይፈቅዱም ፎቶግራፍ አያስነሣ። ወደ ግቢው ሲገባ እንግዳውም አስጎብኚውም ጫማቸውን በር ላይ ያወልቃሉ።