አጋርና የበረሃው ጉድጓድ

አጋር የሣራ ግብፃዊት አገልጋይ ነበረች። አርግዛ መከራ ሲጸናባት ወደ ሱር በሚወስደው መንገድ ኮበለለች፤ በበረሃው ምንጭ አጠገብ መልአክ አገኛት። አምላክ እንደሚያያት ስላወቀች በዚሁ ስም ጠራችው፤ ጉድጓዱም ብኤርለሃይሮኢ ተባለ። ተመልሳም አብርሃም 86 ዓመት ሲሆነው እስማኤልን ወለደች።

ከዓመታት በኋላ ከነልጇ ተባረረች፤ በቤርሳቤህ ምድረ በዳ የአቁማዳዋ ውኃ አለቀ። ልጇን ከቁጥቋጦ ሥር ጥላ ስታለቅስ እግዚአብሔር ዓይኗን ከፈተላት፤ ጉድጓድ አይታ፣ ቀድታ አጠጣችው። በፋራን በረሃ ኖረው ከግብፅ ሚስት አጨችለት። የሣራ ልጅ ይስሐቅም በኋላ የኖረው በዚያው አገልጋይቱ በታየችበት ብኤርለሃይሮኢ አጠገብ ነው።

የእኛ የአዲሎ እናቶች ልጆች በሰው ቤት፣ የሰው ልጆችም በእኛ ቤት ያገለግላሉ። አጋርን ያየ አምላክ እነርሱንም ያያል፤ ደመወዛቸውን አንያዝባቸው።