ሰር ጆን ቴኒየል፦ ግማሽ ምዕተ ዓመት በስላቅ ብዕር

ንግሥት ቪክቶሪያ እንግሊዝን ይገዙ በነበሩበት ዘመን፣ አንድ ሚኒስትር ሳምንቱ እንዴት እንደዋለለት ለማወቅ «ፓንች» የተባለውን የስላቅ መጽሔት መግለጥ ይበቃው ነበር። የመጽሔቱን ዋና የፖለቲካ ካርቱን ለ50 ዓመታት ያህል የሣሉት ጆን ቴኒየል ናቸው።

ቴኒየል እ.ኤ.አ. የካቲት 28 ቀን 1820 በለንደን ተወለዱ። አባታቸው የጎራዴ ግጥሚያና የዳንስ መምህር ነበሩ። ወጣቱ ቴኒየል ወደ 20 ዓመት ሲጠጉ ከአባታቸው ጋር ሲለማመዱ የጎራዴው ጫፍ ቀኝ ዓይናቸውን ወጋው፤ ብርሃኑም ቀስ በቀስ ጠፋ። አባታቸው እንዳያዝኑ በማለት የጉዳቱን ክብደት ሸሸጓቸው። ከዚያ በኋላ የሠሩትን ሁሉ የሠሩት በአንድ ዓይን ነው።

ወደ «ፓንች» የገቡት በ1850 ሲሆን፣ ከእርሳቸው በፊት የነበረው ሠዓሊ መጽሔቱ በካቶሊካውያን ላይ የሚሰነዝረውን ጥቃት በመቃወም ሥራውን ለቅቆ ነበር። የሥራው ሂደት እንዲህ ነበር፦ ረቡዕ ማታ አዘጋጆቹ በእራት ገበታ ተሰብስበው የሳምንቱን ርዕሰ ጉዳይ ይወስናሉ። ቴኒየል በእንጨት ሰሌዳ ላይ ይሥሉታል፤ አርብ ማታ ሰሌዳው ለቀራጩ ለጆሴፍ ስዌይን ይደርሳል። ሐሳቡ የማዕዱ፣ መልኩ ግን የቴኒየል ነበር።

ብዕራቸው ሩቅ አገሮችንም ነክቷል። በ1867 ዐፄ ቴዎድሮስ ያሰሯቸው አውሮፓውያን ጉዳይ ለንደንን ሲያነጋግር፣ እርሱንም በካርቱን አቅርበውታል። በ1875 ጠቅላይ ሚኒስትር ዲዝራኤሊ ከግብፁ ከዲቭ እስማኤል የስዊዝ ቦይን አክሲዮኖች በ4 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ሲገዙ፣ ወደ ህንድ የሚያስገባውን ቁልፍ ይዘው፣ ስፊንክስም ዓይኗን ጠቅሳ ታየች። ውስብስቡ የገንዘብ ውል ለተራው አንባቢ በአንድ ቁልፍ ተገለጸ።

ሆኖም ስላቃቸው ሁልጊዜ ፍትሐዊ አልነበረም። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ዓመታት አብርሃም ሊንከንን ደጋግመው አፊዘውባቸዋል። ሊንከን በ1865 ሲገደሉ ግን መጽሔቱ በግልጽ ተጸጸተ፤ ቴኒየልም እንግሊዝ በሟቹ አስከሬን ላይ የአበባ ጉንጉን ስታኖር ሣሉ። አይሪሽ ዓመፀኞች ግን እንዲህ ያለ ይቅርታ አላገኙም። የዝንጀሮ መልክ ተሰጣቸው፤ በ1882 ደብሊን ውስጥ ሁለት ከፍተኛ ባለሥልጣናት በተገደሉ ጊዜም ንቅናቄው ጭምብል እንዳጠለቀ አስፈሪ ፍጡር ተሣለ። የጥቂቶች ወንጀል በዚህ መንገድ የአንድ ሕዝብ መልክ ተደርጎ ቀረበ።

ከሁሉ ይልቅ ስማቸውን ያስጠራው ካርቱን መጋቢት 1890 ወጣ። ወጣቱ የጀርመን ንጉሠ ነገሥት ዊልሄልም 2ኛ ከመርከቡ አጥር ተደግፈው ቁልቁል ይመለከታሉ፤ ከሥልጣን የተነሡት አረጋዊው ቢስማርክ የመርከብ መሪ ልብስ ለብሰው በደረጃው ይወርዳሉ። በሥዕሉ ውስጥ ፌዝ የለም፤ አሳሳቢ ዝምታ ብቻ ነው ያለው።

በ1865 የታተመውን የአሊስን የልጆች ተረት ያስጌጡትም እርሳቸው ናቸው። በ1893 የሰርነት ማዕረግ አገኙ፤ በወቅቱ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት በካርቱናቸው ስንት ጊዜ የተሣሉት ግላድስተን ነበሩ። ንግሥቲቱ ባረፉበት በጥር 1901 ከ2,000 በላይ የፖለቲካ ካርቱኖችን ትተው ሥራቸውን አቆሙ። በዚያው ዓመት በተዘጋጀላቸው የስንብት ግብዣ ላይ ለመናገር ተነሥተው ስሜት ስላሸነፋቸው ንግግራቸውን መጨረስ አልቻሉም። የቀረችው ዓይናቸውም እየደከመች ሄዳ፣ 94ኛ ዓመታቸውን ሊይዙ 3 ቀን ሲቀራቸው የካቲት 25 ቀን 1914 አረፉ።

መሪዎች ነባር አማካሪያቸውን ባሰናበቱ ቁጥር የዘመናችን ሠዓሊዎች የቢስማርክን ደረጃ ይዋሳሉ። የአይሪሾቹ ሥዕሎች ደግሞ ጥላቻ በሳቅ ተጠቅልሎ እንዴት እንደሚሰራጭ ማስረጃ ሆነው ይጠናሉ። ሁለቱም ከአንድ እጅ የወጡ ናቸው።