ዳግማዊ ምኒልክና የአንዲት ተውላጠ ስም ክብደት

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1836 ዓ.ም. በሸዋ፣ አንጎለላ ተወለዱ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል፣ በአማርኛውና በጣሊያንኛው 17ኛ አንቀጽ መካከል በነበረው ልዩነት ሳቢያ፣ ወደ ዓድዋ ጦርነት ማድረሱ የታወቀ ነው።

ከድሉ በኋላ በ1890 ዓ.ም. ራስ መኰንን ወደ ቤኒሻንጉል ዘምተው አሶሳና አካባቢዋ በንጉሠ ነገሥቱ ግዛት ሥር ገቡ። ይህ የምዕራብ ወሰን በውል የጸናው ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ምኒልክና የእንግሊዙ መልእክተኛ ሐሪንግተን በአዲስ አበባ በተፈራረሙ ጊዜ ነው። በውሉ ሦስተኛ አንቀጽ ንጉሠ ነገሥቱ፣ የእንግሊዝና የሱዳን መንግሥታት ካልተስማሙ በቀር፣ በዓባይ፣ በጣናና በሶባት ላይ የውኆቻቸውን ፍሰት የሚገታ ሥራ እንዳይሠራ ግዴታ ገቡ።

በእንግሊዝኛው ቅጂ ሁለት ተውላጠ ስሞች ልብ ሊባሉ ይገባል። ዜር የተባለችው ዓባይን፣ ጣናንና ሶባትን በአንድነት ትተካለች። ዊች የተባለችው ግን የምትመለሰው አጠገቧ ወዳለው ሶባት ሳይሆን ራቅ ብሎ ወደ ተጻፈው ሥራ ወደሚለው ስም ነው። እንግዲህ ቃሉ የሚከለክለው ማናቸውንም ሥራ ሳይሆን ፍሰትን የሚገታውን ነው። አማርኛ ገላጩን ከስሙ አስቀድሞ ስለሚያኖር እንዲህ ያለው ጥርጣሬ እምብዛም አይነሣበትም።

ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ በጉባ፣ የታላቁ የሕዳሴ ግድብ መሠረት መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ተጥሎ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ውኃውም በተርባይኖች አልፎ ወደ ሱዳን ይወርዳል። ውል የሚያረቅም ሆነ የሥራ ዝርዝር የሚያነብ መሐንዲስ፣ እያንዳንዷ ተውላጠ ስም የየትኛው ስም ምትክ እንደሆነች ከመፈረሙ በፊት ሊመረምር ይገባዋል።