ሎርድ ሬይሊና የቀለም ምሥጢር

በኢሉባቦር ጎሬ ክረምቱ ወጥቶ ደመናው ሲገለጥ ሰማዩ ጥርት ብሎ ይታያል፤ በዛፎቹም ላይ ላባው ፀሐይ ሲነካው ከሰማያዊ ወደ አረንጓዴ የሚለዋወጥ ወፍ ይቀመጣል። ሰማዩ ስለ ምን ሰማያዊ ሆነ? ላባውስ ስለ ምን ይለዋወጣል? እኛ በልጅነታችን ይህን ጠይቀን መልስ ብናጣ ተውነው። እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ ያልተዉት ሊቅ ግን ነበሩ።

ጆን ዊልያም ስትራት፣ ኋላ ሎርድ ሬይሊ የተባሉት፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1842 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በኤሴክስ ተወለዱ። በልጅነታቸው ሕመም ከትምህርት ገበታ እየደጋገመ ያስቀራቸው ነበር፤ ሆኖም በ1865 በኬምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ በሒሳብ ፈተና አንደኛ ወጡ። በ1871 የሰማዩን ነገር በሒሳብ አስረዱ፤ ይኸውም በአየር ውስጥ ያሉ እጅግ ደቃቅ ቅንጣቶች ሰማያዊውን ብርሃን ከቀዩ አራት እጥፍ ያህል አብልጠው ስለሚበትኑት ነው። በማግሥቱ ዓመት በጽኑ ታመሙ፤ ለማገገም ወደ ግብፅ ወርደው፣ የእኛው ባሮ ውሃውን በሚገብርለት በዓባይ ወንዝ ላይ ሲጓዙ ስለ ድምፅ የጻፉትን ታላቅ መጽሐፍ ጀመሩ።

በ1887 ደግሞ ሞገድ በእኩል ርቀት በተደረደሩ ንጣፎች ውስጥ ሲያልፍ የሚሆነውን አሰሉ። ከየንጣፉ ተመላሽ የሚሆነው ጥቂት ብርሃን እርምጃው ሲገጥም ይደጋገፋል፤ ያን ጊዜ አንዱ ቀለም ማለፍ ተስኖት ወደ ተመልካቹ ይመለሳል። በ1904 አርጎን የተባለውን ጋዝ በማግኘታቸው የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ከዚያም በኋላ ሥራቸውን አላቋረጡም፤ በ1917፣ ሰባ ዓመት ካለፋቸው በኋላ፣ ወደ ንጣፎቹ ስሌት ተመለሱ። በ1919 ስለ እንስሳት ደማቅ ቀለሞች ጽፈው በዚያው ዓመት በሰኔ 30 ቀን አረፉ። የላባው ድርድር በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲታይ እርሳቸው በሕይወት አልነበሩም።

እርሳቸው በብዕርና በወረቀት የደከሙበትን ዛሬ ኮምፒዩተር በጥቂት ጊዜ ያሰላዋል፤ መሐንዲሶችም መስተዋትና ሌዘር ከመሥራታቸው አስቀድመው በዚህ ስሌት ይመረምሩታል። እኛ የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ግን ሒሳብ ሲነሣ ጉዳያችን አይደለም ብለን እንሸሻለን። በመስከረም ወደ ጎሬ ስንመለስ ታናናሾቻችን ስለ ሰማዩ ቢጠይቁን ምን እንመልስላቸው ይሆን? ሙሉውን ማስረዳት ቢያቅተን እንኳ፣ እኛን ዝም እንዳሰኙን እነርሱን ዝም አናሰኛቸው።